በግራ ስፓኒሽ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ

የስፔናዊው ገጣሚ የፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ «ገጣሚ በኒው ዮርክ» ገና መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ከነትርጉሙ ነው የወጣው። ሎርካ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1930 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ተቀመጠ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ሊማር ተመዘገበ፤ ግጥሞቹን ጻፈ፤ በኩባ አድርጎ አገሩ ገባ። በ1936 ኦገስት ላይ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት እንደተጀመረ፣ ግራናዳ አጠገብ ተገደለ። ረቂቁን ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማድሪድ ውስጥ ለወዳጁና ለአሳታሚው ለሆሴ ቤርጋሚን ትቶለት ነበር፤ ቤርጋሚንም ይዞት ተሰደደ። በ1940 ኖርተን የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ የሮልፍ ሃምፍሪስን እንግሊዝኛ ከስፓኒሹ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አወጣው። ቤርጋሚን ሜክሲኮ ላይ ያሳተመው፣ ስፓኒሹን ብቻ የያዘው መጽሐፍ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ።

ሁለቱ እትሞች በሁሉም ቦታ አይስማሙም። ረቂቁ ጠፍቶ ኖሮ በ1999 ብቅ አለ፤ በ2003 የሎርካ ፋውንዴሽን በጨረታ ገዛው። እስከዚያ ድረስ ሎርካ በእርግጥ የጻፈው የትኛው እንደሆነ ሊቃውንት ሲከራከሩ፣ ለምስክርነት ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ የሃምፍሪስ ነበር። ትርጉም ምንጊዜም የዋናው ጥላ ነው፣ ከኋላ ነው የሚመጣ ለሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ባስታውሳቸው እወዳለሁ።

፨

አሜሪካ ውስጥ የሚታተም የስፓኒሽ ግጥም ብዙውን ጊዜ በግራ ገጽ ስፓኒሹን፣ በቀኝ ገጽ እንግሊዝኛውን ይዞ ነው የሚወጣው። በዚያ አገር ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው እቤቱ ስፓኒሽ ይናገራል። ስለዚህ የስፓኒሽ ተርጓሚ እንደ ሌሎቹ ተርጓሚዎች አይደለም፤ መጽሐፉን የሚገዛው ሰው አያቱ በስፓኒሽ ያሳደጉት፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የቀረጸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው አንባቢ ለስፓኒሽ ፈተና አይቀመጥም ይሆናል፤ ተርጓሚው የሳተውን ግን ጆሮው ወዲያው ይይዘዋል።

ይህ ፍርሃት አንዳንዱን ተርጓሚ ይጎዳዋል። ቃል በቃል ይሄዳል፤ ቀኙ ገጽ ግጥምነቱን ትቶ ለግራው ገጽ መፍቻ ይሆናል። ቢሆንም ጎን ለጎን ማተሙ መቅረት የለበትም እላለሁ። ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ ስፓኒሹን የሚያስቀር አሳታሚ አንባቢውን የመጠየቅ መብቱን ነው የሚነሣው።

፨

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ሴሳር ቫዬሆ ነው። በ1892 በሰሜን ፔሩ ተራሮች ውስጥ፣ ሳንቲያጎ ዴ ቹኮ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሴት አያቶቹ የአገሩ ነባር ተወላጆች፣ ወንድ አያቶቹ የስፔን ቄሶች ነበሩ። በ1920 በትውልድ ከተማው በተነሣ ሁከት ተከሶ ትሩሂዮ ላይ 112 ቀን ታሰረ። በ1922 ሊማ ላይ ያወጣው «ትሪልሴ» የታተመው በወህኒ ቤት ማተሚያ ነው፤ 200 ቅጂ ብቻ። ርእሱ በስፓኒሽ መዝገበ ቃላት የሌለ ቃል ነው። 77ቱ ግጥሞች ስም የላቸውም፤ በሮማ ቁጥር ነው የሚለዩት። ውስጣቸው ሆን ተብሎ የተዛባ ፊደል አለ፣ ወደ ታች ቁልቁል የተደረደረ ስንኝ አለ፣ ተጀምሮ መሐል ላይ የተጣለ ሐሳብ አለ።

እንዲህ ያለ ግጥም እጁ የገባ ተርጓሚ የመጀመሪያ ፈተናው ደግነቱ ነው። አንባቢው እንዳይቸገር ያስባል። የተጣመመውን ያቃናል፣ የተቋረጠውን ይቀጥላል፣ እንግዳ የሆነውን ቃል በሚታወቅ ቃል ይለውጣል። እንግሊዝኛው ያምራል፤ ቫዬሆ ግን ከውስጡ ወጥቷል። ያ ሰው ስፓኒሽን የሰበረው ሊናገረው የፈለገው ነገር ባልተሰበረው ስፓኒሽ አልወጣ ስላለው ነው። ስብራቱን የጠገነ ሰው ግጥሙን አልተረጎመም።

ክሌይተን ኤሽልማን የተባለው አሜሪካዊ ገጣሚ በ1962 ጃፓን፣ ኪዮቶ ተቀምጦ፣ ቫዬሆ ከሞተ በኋላ የታተሙትን «የሰው ግጥሞች» መተርጎም ጀመረ። ስፓኒሹ ያን ጊዜ ደካማ ነበር። በ1965 ሥራውን ይዞ ሊማ ሄደ፤ የቫዬሆ ባለቤት ወይዘሮ ጆርጀት እዚያ ነበሩ፣ ወረቀቶቹም በእጃቸው ነበሩ፤ ፈቃዱ በቀላሉ አልተገኘም። ትርጉሙ በ1968 ኒው ዮርክ ላይ፣ በግሮቭ ፕሬስ ወጣ። ታዲያ በዚያው ዓመት ሊማ ውስጥ የቫዬሆ ሙሉ የግጥም ሥራ ከጽሕፈት መኪና ገጾቹ ፎቶግራፍ ጋር ታተመ። በእነዚያ ገጾች ላይ ገጣሚው በእጁ የሰረዘው ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ የጨመረው ይታያል፤ ግርጌ ላይ ያሰፈረው ቀን ይታያል። ብዙዎቹ ከ1937 ሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር የተጻፉ ናቸው። ቫዬሆ ፓሪስ ላይ የሞተው በተከታዩ ኤፕሪል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች እነዚህን ገጾች በትክክል አልገለበጡም ነበር፤ ኤሽልማንም የተረጎመው ስሕተት ያለበትን ጽሑፍ መሆኑ ታወቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ቦታ አርሞ ሁለተኛ እትም ያወጣ ነበር። ኤሽልማን ግን ከሥሩ ጀመረው፤ የስፔን ስደተኛ የሆነውን ምሁር ሆሴ ሩቢያ ባርሲያን አጋር አድርጎ። አንዱ እንግሊዝኛውን የሚጽፍ ገጣሚ፣ አንዱ ስፓኒሹን ከእናቱ የጠጣ ሰው። በ1978 የታተመው ሥራቸው በማግስቱ ዓመት ናሽናል ቡክ አዋርድን በትርጉም ዘርፍ አገኘ። ኤሽልማን እዚያም አላቆመ፤ ወደ «ትሪልሴ» ሄደ፤ በመጨረሻ በ2007 የቫዬሆን ሙሉ ግጥም በማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ መቅድም አወጣ። ከኪዮቶ ሲቆጠር 45 ዓመት መሆኑ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የዓመቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ሰው አንድ ሥራ ላይ ሲቆይ እጁ እየለሰለሰ፣ ጽሑፉም እየተቃና ይሄዳል ብለን እንጠብቃለን። የኤሽልማን እንግሊዝኛ እየቆየ ሲሄድ የሄደው ወደ ሻካራው ነው። ቫዬሆ አዲስ ቃል ከፈጠረ እሱም ይፈጥራል፤ ቫዬሆ ግልጽ ካላደረገው እሱም ሳያብራራ ይተወዋል። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሊደረግለት የሚገባው አክብሮት ይህ ይመስለኛል። አስቸጋሪ ነገር አይችልም ብሎ አለመናቅ ነው።

፨

ፓብሎ ኔሩዳ በተቃራኒው ቶሎ የሚወደድ ገጣሚ ነው፤ ስለዚህም አደጋው ሌላ ነው። «ሃያ የፍቅር ግጥሞች» በ1924 ሲታተም ኔሩዳ 19 ዓመቱ ነበር። ብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢ የሚያውቀው የደብልዩ. ኤስ. መርዊን ትርጉም በ1969 ወጣ። መርዊን ቁጥብ ነው፤ ስፓኒሹ ያላለውን አይጨምርም። ከእሱ በፊት ቤን ቤሊት ነበር። ቤሊት ዘርፋፋ፣ ጌጥ የሚወድ እንግሊዝኛ ጽፎ፣ ኔሩዳ በአንድ ቃል ያለፈውን በሦስት ይለዋል ተብሎ ተወቅሷል። ኔሩዳ ራሱ ሲፈልግ የሚትረፈረፍ ገጣሚ ነው። እሱ ባዶ የተወው ቦታ ግን ሆነ ብሎ የተወው ነውና በሌላ ሰው ጌጥ ሊሞላ አይገባም።

አላስቴር ሪድ የተባለው የስኮትላንድ ገጣሚ የኔሩዳ ወዳጅ ነበር፤ ግጥሞቹን ከራሱ ከኔሩዳ አንደበት እየሰማ ነው የተረጎመ። ኔሩዳ አንድ ቀን፣ መተርጎም ብቻ አይበቃም፣ አሻሽልልኝ ብሎ እንደጠየቀው ሪድ ተናግሯል። ገጣሚ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ሥራው የእሱ ነው። ተርጓሚው ግን ይህን አንዱን ትእዛዝ መፈጸም የለበትም።

ጆን ፌልስቲነር ደግሞ ስለ «የማቹ ፒቹ ከፍታዎች» ትርጉሙ በ1980 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ኔሩዳ ግጥሙን ሲያነብ የተቀዳውን ድምፅ እየደጋገመ አዳመጠ፤ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛውን ቃል እንደሚያጠብቅ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚወርድ። ከዚያ በኋላ ነው የእንግሊዝኛውን ስንኝ የሰበረው። ድምፁ የተቀዳለት ገጣሚ የሚተረጉም ሁሉ ይህን ሳያደርግ ብዕር ባያነሣ ጥሩ ነው።

፨

የሎርካ «የጂፕሲ ባላዶች» በስፔን የቆየ የሕዝብ ግጥም ስልት የተጻፉ ናቸው። ስንኙ ስምንት ቀለም ነው፤ ቤት የሚመታው በየሁለተኛው ስንኝ ነው፤ ሲመታም በአናባቢው ብቻ ነው፤ ተነባቢው ምንም ሊሆን ይችላል። አንድ ግጥም ከላይ እስከ ታች በእነዚያው በሁለት አናባቢዎች ሊሄድ ይችላል። የስፔን ጆሮ ይህን ያለ ድካም ይሰማል፤ እረኛውም የሚያዜመው በዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ቤት መምታት የሚለው አናባቢውና ተነባቢው አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፤ አናባቢው ብቻ ከሆነ ሳይሰማው ያልፋል። ተርጓሚው እንዳለ ቢያስቀምጠው ማንም አያስተውለውም፤ በሙሉ ቤት ቢተካው ግጥሙ የልጆች መዝሙር ይመስላል። ብዙዎቹ ትተውታል፤ እኔም በዚህ አልወቅሳቸውም።

የአማርኛ አንባቢም እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ብዙ የተሻለ አይደለም። የኛ ጆሮ የመጨረሻውን ፊደል ይጠብቃል፤ «ለ» ከ«ለ» ጋር ካልመጣ ቤቱ ፈረሰ እንላለን። አናባቢ ብቻውን ግጥም ሲያቆም መስማት ለኛም ልምምድ ይጠይቃል።

፨

በስፓኒሽ «ዬጋ» የምትል አንዲት ግስ አለች። «ይደርሳል» ናት፤ «ትደርሳለች»ም ናት፤ ባቡር ወይም ሌሊት ሊሆን ይችላል የሚደርሰው፤ «እርስዎ ይደርሳሉ» ማለትም ይቻላል። ስፓኒሽ ባለቤቱን መናገር ግዴታ ስለሌለበት ገጣሚው በሩን ክፍት ትቶ ማለፍ ይችላል። እንግሊዝኛ አይችልም። ተርጓሚው ከአራቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የመረጠ ጊዜ ሦስቱ ይዘጋሉ፤ አንባቢውም የተዘጋ ነገር እንዳለ አያውቅም። አማርኛም ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን ሳይናገር ማለፍ አይሆንለትም።

አሌሃንድራ ፒሳርኒክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አርጀንቲናዊቷ ገጣሚ በ1972 በ36 ዓመቷ ሞተች። በግጥሟ ውስጥ የምትናገረው ሴት መሆኗን ስፓኒሽ በቅጽሉ መጨረሻ ፊደል ይናገራል፤ «ብቻዬን ነኝ» ስትል እንኳ ሴትነቷ ቃሉ ላይ አለ። እንግሊዝኛው ላይ ያ ምልክት ይረግፋል። የተርጓሚዋ የኢቬት ሲገርት ብልሃት ይህን በግድ ለመመለስ አለመሞከሯ ነው። ከ1962 እስከ 1972 የተጻፉትን ግጥሞች የያዘው መጽሐፏ በ2016 ወጣ፤ ፒሳርኒክ አጭር ብላ የተወችው እዚያም አጭር ነው፤ በስንኝና በስንኝ መካከል ያለው ነጭ ወረቀትም ሳይነካ ተቀምጧል።

፨

ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ ስፓኒሽ ያወቀው አባቱ በሚኖሩበት ሜክሲኮ ነው። በ1930 መጀመሪያ ሃቫና ሄዶ ከኩባዊው ገጣሚ ከኒኮላስ ጊዬን ጋር ተዋወቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ጊዬን «ሞቲቮስ ዴ ሶን» የተባሉ ስምንት ግጥሞች በአንድ የሃቫና ጋዜጣ አወጣ። የተጻፉት የሃቫና ጥቁሮች በሚናገሩት ስፓኒሽ ነው፤ የቃሉ መጨረሻ እየተዋጠ፣ ምቱም ሶን በተባለው ሙዚቃ እየሄደ። በ1948 ሂዩዝ ከቤን ፍሬደሪክ ካሩዘርስ ጋር የጊዬንን ግጥሞች «ኩባ ሊብሬ» ብሎ ሲያወጣ ለዚያ አነጋገር የተጠቀመው የአሜሪካ ጥቁሮችን እንግሊዝኛ ነው። ይህ ሃቫናን የኒው ዮርኳን ሃርለም ያደርጋታል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ነገር ግን ሌላው አማራጭ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነበር፤ በዚያ ውስጥ የጊዬን ሰዎች አፋቸውን መክፈት አይችሉም። ሂዩዝ በሚያውቀው በራሱ ሰፈር አፍ አናገራቸው። ልክ አድርጓል ብዬ አምናለሁ።

በ1937 ሂዩዝ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆኖ ማድሪድ ነበር። ከተማዋ በመድፍ እየተደበደበች፣ በስፔን ገጣሚዎቹ በራፋኤል አልቤርቲና በማኑኤል አልቶላጊሬ እየተረዳ የሎርካን ባላዶች መተርጎም ጀመረ። ሎርካ ከተገደለ ዓመት ገደማ ነው። መጽሐፉ የወጣው ግን በ1951 ነው።

ከሂዩዝ ሥራ ሁሉ እኔ የማከብረው ግን ያልሠራውን ነው። በ1957 የጋብሪኤላ ሚስትራልን ምርጥ ግጥሞች በእንግሊዝኛ አወጣ። ሚስትራል በ1945 የኖቤል ሽልማት ያገኘች፣ ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያዋ ደራሲ ናት። ስሟ በአገሯ በቺሊ የተሰማው በ1914 «የሞት ሶኔቶች» በተባሉት ሦስት ግጥሞች አሸንፋ ነው። ምርጥ ግጥሞቿን የሚያወጣ ሰው እነዚህን መተው የማይታሰብ ነገር ነው። ሂዩዝ ተዋቸው። በመግቢያው ላይ ምክንያቱን ተናግሯል፤ ቃሉን ማሻገር ይቻለኛል፣ ያንን ቤት የሚመታ ገርነት ግን በእንግሊዝኛ አቻ ላገኝለት አልቻልኩም፤ ቃሉን ብቻ የማሻግር መስሎ ሲሰማኝ አልተረጉምም ነው የሚለው በአጭሩ። ስንት ተርጓሚ ነው ገጣሚውን ሙሉ አድርጌ አቀረብኩ ለማለት ሲል ያልሆነለትን ግጥም ከሆነለት ጋር ቀላቅሎ የሚያሳትመው! አንባቢው ከዚያ በኋላ ሚስትራል ይህችው ናት ብሎ ይተዋታል።

፨

የሜክሲኳዊው ገጣሚ የኦክታቪዮ ፓዝ «የፀሐይ ድንጋይ» በ1957 ታተመ። 584 ስንኝ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ 11 ቀለም። ቬኑስ ከፀሐይ ጋር የምትገናኝበት ዙር 584 ቀን ስለሆነ ነው፤ የሜክሲኮ ጥንታውያን ቀን ይቆጥሩበት የነበረ ዙር ነው። ግጥሙ አንድም አራት ነጥብ የለውም፤ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች መልሶ በሁለት ነጥብ ይቆማል፣ ማለትም አያልቅም። የስንኞቹን ቁጥር በእንግሊዝኛ መጠበቅ ይቻላል። 11 ቀለሙን መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል አጭር ስለሆነ ስፓኒሹ በስድስት ቃል የሞላውን ስንኝ ለመሙላት ዘጠኝ ቃል ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ከየት ይመጣሉ? ከተርጓሚው ኪስ። ቁጥሩን ጠብቆ ትርፍ ቃል ከሚያስገባ፣ ቁጥሩን ለቆ ንጽሕናውን የሚጠብቅ ይሻላል እላለሁ፤ ፓዝ ያን ሁሉ የቆጠረው ፍሰቱ እንዳይቆም ብሎ ነውና።

፨

ፓዝ ያሰናዳውን የሜክሲኮ ግጥም መድበል ለዩኔስኮ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ቤኬት ነው። ሥራውን የያዘው ለገንዘብ ነበር፤ ስፓኒሹም ያን ያህል አልነበረም፤ ወዳጅ ረዳው። መጽሐፉ በ1958 ታትሞ ዛሬም ይነበባል። ትልቅ ጸሐፊ ቋንቋውን ሳያውቅም ይሠራዋል ለሚሉ ይህ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። እኔ ከዚህ የማየው ከጎኑ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ነው። ያ ረዳት በሽፋን ላይ ስም ቢኖረው ኖሮ ማስረጃው ሌላ ይሆን ነበር።

፨

አሜሪካዊው ገጣሚ ሮበርት ብላይ በ1958 «ዘ ፊፍቲስ» የተባለ መጽሔት አቋቁሞ ኔሩዳን፣ ቫዬሆን፣ ሂሜኔስን፣ ማቻዶን ለአሜሪካ ገጣሚዎች ማስተዋወቅ ያዘ። በ1962 ከጄምስ ራይትና ከጆን ኔፕፍል ጋር የቫዬሆን ሃያ ግጥሞች አሳተመ። ራይት በማግስቱ ዓመት ያወጣው የራሱ መድበል ከቀድሞው ግጥሙ ፈጽሞ ይለያል፤ ቤት የሚመታው፣ የሚመዘነው ስንኝ ቀርቶ ምስል በምስል የሚራመድ ግጥም ሆኗል። የስፓኒሽ ግጥም በእንግሊዝኛ ውስጥ ያስገኘው ትልቁ ነገር እንዲያውም ትርጉሙ ሳይሆን ይህ ነው፤ ትርጉሙን እየሠሩ የራሳቸውን ግጥም የለወጡት ሰዎች።

መዘዝም ነበረው። ድንጋይ፣ አጥንት፣ ጨለማ፣ ዝምታ የሚሉት ቃላት ከተደጋገሙ «ስፓኒሽ የሚመስል» ግጥም የተገኘ የመሰላቸው ተከታዮች በዝተው ነበር። ቫዬሆ ስለ ዳቦና ስለ ጫማ፣ ስለ ሥራ አጥ ሰው የጻፈው በዚህ ጭጋግ ውስጥ ጠፋ።

፨

አርጀንቲናዊው ደራሲ ቦርሄስ ዓይኑን ካጣ በኋላ ከኖርማን ቶማስ ዲ ጆቫኒ ጋር አብሮ ይተረጉም ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ገቢውንም እኩል ይካፈሉ ነበር። በ1972 የወጣው የግጥም ምርጫ ሪድን፣ መርዊንን፣ ሪቻርድ ዊልበርን፣ ጆን አፕዳይክን ያሰባሰበ ነው። ቦርሄስ በ1986 ሲያርፍ መብቱ ወደ ባለቤቱ ወደ ማሪያ ኮዳማ ዞረ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ ትርጉሞች ታዘዙ፤ ከዲ ጆቫኒ ጋር የተሠሩት ከገበያ ወጡ። ደራሲው ራሱ የሰማውና የተስማማበት እንግሊዝኛ ዛሬ የሚገኘው አሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ነው። በትርጉም ጉዳይ የጥራት ክርክር ብዙ ይነሣል፤ የውል ጉዳይ ግን አይነሣም። አንባቢ የትኛውን ቦርሄስ እንደሚያነብ የወሰነው ውሉ ነው።

፨

በዓለም ዙሪያ በቦርሄስ ስም የሚዞር «ቅጽበቶች» የሚል ግጥም አለ፤ ሕይወቴን እንደገና ብኖር ኖሮ የሚል። የቦርሄስ አይደለም። ሥሩ አሜሪካዊው ዶን ሄሮልድ በ1953 «ሪደርስ ዳይጀስት» ላይ ያወጣው የእንግሊዝኛ ዝርው ጽሑፍ ነው። ወደ ስፓኒሽ ተሻግሮ ስንኝ ሆነ፣ የቦርሄስ ስም ተለጠፈበት፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በኔሩዳ ስም የሚዞረው «ቀስ ብሎ ይሞታል» ደግሞ የብራዚላዊቷ ጸሐፊ የማርታ ሜዴይሮስ ነው፤ በ2008 በኢጣሊያ ሴኔት አንድ ፖለቲከኛ የኔሩዳ ነው ብለው አነበቡት። የተቃናው፣ የለሰለሰው፣ ምክር የሆነው ግጥም ነው እንዲህ ያለ ፓስፖርት የሚሰጠው። በ«ትሪልሴ» ላይ ማንም ሐሰተኛ ስም አልለጠፈም።

፨

ቺሊያዊው ገጣሚ ራውል ሱሪታ በሴፕቴምበር 11 ቀን 1973፣ የቺሊ መፈንቅለ መንግሥት ዕለት ቫልፓራይሶ ላይ ተይዞ በመርከብ ሆድ ውስጥ ታሰረ። በጁን 2 ቀን 1982 አምስት አውሮፕላኖች በኒው ዮርክ ሰማይ ላይ 15 መስመር ግጥሙን በነጭ ጭስ ጻፉለት፤ በስፓኒሽ። ከሥር ትርጉም አልነበረም። ያነበቡት ምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥቡት፣ ልጅ የሚያሳድጉት፣ ግንባታ ላይ የሚውሉት የከተማዋ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛ አንባቢው ለአንድ ጊዜ ከጎኑ ያለውን ሰው ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የሰማዩ ፎቶግራፎች የገቡበት መጽሐፍ በ1986 በእንግሊዝኛ ወጣ። ስለ ተርጓሚና ስለ ታማኝነት የተጻፈው ሁሉ ያላስተማረኝን ነገር ያ ቀን ያስተምረኛል፤ አንዳንድ ጊዜ አንባቢው ነው መሻገር ያለበት።

፨

የካናዳው ግሪፊን የግጥም ሽልማት ለትርጉም መጽሐፍ ሲሰጥ ገንዘቡ 60 በመቶ ለተርጓሚው፣ 40 በመቶ ለገጣሚው ነው። በ2024 130,000 የካናዳ ዶላሩ የሄደው ለሜክሲኳዊው ኦሜሮ አሪድጂስ መጽሐፍ ነው፤ ተርጓሚው ቤልፋስት ተወልደው ቫንኩቨር የሚኖሩት ገጣሚ ጆርጅ ማክዊርተር ናቸው። አሪድጂስ ያን ጊዜ 84 ዓመታቸው ነበር፤ ማክዊርተርም ያው ናቸው፤ ሥራቸው ለብዙ ዓመት አብሮ የሄደ ነው። ክፍፍሉን ያልወደዱት ሰዎች ይኖራሉ። እኔ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የተሸለመው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነው፤ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ቃል የመረጡት ማክዊርተር ናቸው።

፨

እኛ ዘንድ ኔሩዳና ሎርካ ለአብዛኛው አንባቢ የደረሱት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መርዊን የመረጠው፣ ቤሊት የጨመረው አማርኛ ሲሆን የኔሩዳ ሆኖ ይነበባል። ግን ሌላ መንገድ አለን። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ሄደው በስፓኒሽ ተምረው አደጉ። ያን ጊዜ ጊዬን በሕይወት ነበር፤ የኩባ ደራሲያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር፤ ያረፈው በ1989 ነው። እነዚህ ልጆች ዛሬ የጎለመሱ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራን ናቸው። ኩባዊ የቃሉን መጨረሻ እንዴት እንደሚውጠው የሰሙት ከጓደኞቻቸው፣ ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ፣ ከኳስ ሜዳ ነው፤ ሂዩዝ በጥረት የፈለገውን እነሱ በጆሯቸው ይዘውታል።

ኤሽልማንና ባርሲያ እንዳደረጉት፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ከአንድ የአማርኛ ገጣሚ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ አሳታሚ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛው አያስፈልግም። ብዙ ገጽም አይጠይቅም፤ በ1930 የወጡት ስምንቱ የጊዬን ግጥሞች ለመጀመሪያ ይበቃሉ።